ጳጉሜን 3 ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
የ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» መደምደሚያ ፊልም ከስሜን ተራሮች ግርጌ ሲታይ

በሦስት ተከታታይ ክፍሎች የሚተረክ፣ በተለምዶ ትሪሎጂ የሚባል የፊልም ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በመነሻው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል አዲስ ዓለም ስለሚያስተዋውቅ ይወደሳል፣ ሁለተኛው ያንን ዓለም ስለሚያሰፋ ያነጋግራል፣ ሦስተኛው ግን የተከፈተውን በር ለመዝጋት ብቻ እንደመጣ ስለሚቆጠር የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ይቀራል። በአሜሪካዊው ዳይሬክተር በሮበርት ዜሜኪስ የተሠራውና ዳይሬክተሩ ከቦብ ጌል ጋር በመሆን ታሪኩን የጻፈው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»፣ በአማርኛ «ወደ መጪው ዘመን መመለስ» ሊባል የሚችለው ተወዳጅ የጊዜ ጉዞ ድርሰት፣ የዚህ ልማድ ዋነኛ ተጎጂ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሁለተኛው በ1989 ለእይታ የበቁ ሲሆን፣ ከሁለተኛው ጋር በተከታታይ የተቀረጸው ሦስተኛው ክፍል ግንቦት 17 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1990) ሲወጣ በሲኒማ ቤቶች ያስገኘው ገቢ ከሁለቱ ቀዳሚዎቹ ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ ፊልሙ በጥንቃቄ ሲታይ፣ በተለይም ጊዜ በራሱ አቆጣጠር በሚለካበት፣ በቅሎና አውቶቡስ አንድ መንገድ በሚጋሩበትና «ፈሪ» የሚለው ቃል እንደ ጥይት በሚፈራበት አገር ሆኖ ሲታይ፣ ከሦስቱ ክፍሎች ይበልጥ የበሰለው እርሱ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

እንዲህ ዓይነቱ አገር ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ በወገራ ደጋ አልፎ ዳባትን ከነካ በኋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚገባበት አካባቢ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነች ከተማ ስትሆን፣ ከከተማዋ በስተሰሜን በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገው የሊማሊሞ መንገድ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ቆላው ይወርዳል። ባቡር ተራምዶበት በማያውቀው በዚህ ምድር፣ በባቡር ፍጥነት የሚደመደም ፊልምን መመርመር እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን የፊልሙ ቁም ነገር የሚገኘው ከማሽኑ ይልቅ በሰዎቹ ውስጥ ነው።

ታሪኩና ተቃርኖው

የጊዜ ጉዞ ድርሰት ማለት አንድ ገጸ ባሕርይ በሆነ ዘዴ ከራሱ ዘመን ወጥቶ ወዳለፈ ወይም ገና ወዳልመጣ ዘመን የሚሻገርበት ተረክ ሲሆን፣ በ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ዘዴው ዴሎሪያን የተባለች መኪና ናት፤ መኪናዋ በሰዓት 88 ማይል፣ ማለትም 142 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትበር ዘመንን ትሰነጥቃለች። ሦስተኛው ክፍል የሚነሣው ወጣቱ ማርቲ ማክፍላይ (ማይክል ጄ. ፎክስ) እ.ኤ.አ. በ1955 ቆሞ፣ ወዳጁ ሳይንቲስት ዶክተር ኤሜት ብራውን (ክሪስቶፈር ሎይድ) ከሰባ ዓመት በፊት የጻፈለት ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ነው። ሳይንቲስቱ በ1885 በአሜሪካ ምዕራብ በምትገኘው በልብ ወለዷ የሂል ቫሊ ከተማ እየኖረ መሆኑን ገልጾ እንዳይፈልገው ቢማጸነውም፣ ማርቲ መኪናዋን ከተደበቀችበት ጉድጓድ ሲያወጣ በአቅራቢያው ባለ መቃብር ላይ የወዳጁን ስም ያነባል፤ ድንጋዩ ዶክተር ብራውን ደብዳቤውን ከጻፈ ከስድስት ቀን በኋላ፣ በ80 ዶላር ጠብ የተነሣ ቡፎርድ ታነን በተባለ ሽፍታ ከኋላው ተተኩሶበት መሞቱን ይናገራል።

በዚህ ላይ በጊዜ ጉዞ ድርሰት ውስጥ ተቃርኖ የሚባለው ችግር ይነሣል። ማርቲ ወደ 1885 የሚሄደው የመቃብሩን ድንጋይ ስላየ ነው፤ ወዳጁን ካዳነው ግን ድንጋዩ አይተከልም፣ ድንጋዩ ካልተተከለ ደግሞ ማርቲ የሚሄድበት ምክንያት አይኖርም። ደራሲዎቹ ይህን ቋጠሮ በረጅም ንግግር ለመፍታት አልሞከሩም፤ ይልቁንም ማርቲ በኪሱ የያዘውን የድንጋዩን ፎቶግራፍ እንደ ዳኛ አቆሙት። በፎቶግራፉ ላይ የዶክተሩ ስም ሲደበዝዝ፣ ቀኑ ግን ሲቀር፣ ተመልካቹ ሞቱ አለመሰረዙንና ተረኛው ሟች ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

አሥራ ሦስተኛው ወር

የመቃብሩ ድንጋይ የያዘው ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 1885 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሰላ ግን ቀኑ ጳጉሜን 3 ቀን 1877 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ ይህም ማለት ፊልሙ በሚያውቀው የዘመን መቁጠሪያ ውስጥ በሌለ ወር ላይ ማለት ነው። ዶክተር ብራውን ደብዳቤውን የጻፈው ነሐሴ 27፣ ማርቲ በ1885 የደረሰው ነሐሴ 28፣ የሂል ቫሊ ሰዓት ተመርቆ የከተማው ሕዝብ የጨፈረበት ምሽት ጳጉሜን 1፣ የተኩስ ቀጠሮው የተያዘው ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን ነው። የፊልሙ ሰዎች ከንጋቱ ስምንት የሚሉት የቀጠሮ ሰዓት ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ለሚቆጥረው የስሜን ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በዚህ አቆጣጠር ሲነበብ ሦስተኛው ክፍል ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል የዘመን መለወጫ ዋዜማ ፊልም ይሆናል።

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን ያሉት ሲሆን፣ ከምዕራባውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚቀረው የክርስቶስን ልደት ዓመት ያሰላበት መንገድ ስለሚለይ ነው። በዚህም የተነሣ፣ የድርሰቱ ሁለተኛ ክፍል እንደ ሩቅ ዘመን የሣለው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2015 በመላው ዓለም የፊልሙ አድናቂዎች ሲታሰብ፣ በዳባት ቀኑ ጥቅምት 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። አንድ ፀሐይ ወጥታ የጠለቀችበት አንድ ቀን ሁለት ቁጥር ሊይዝ እንደሚችል ለማስረዳት የዚህ አካባቢ ሰው የጊዜ ማሽን አያስፈልገውም።

ጳጉሜን በስሜን ግርጌ ከቁጥር በላይ ናት። የክረምቱ ጭጋግ ከገደሉ አፋፍ ላይ መነሣት ይጀምራል፣ የገብሱ ማሳ ገና አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ይተኛል፣ አደይ አበባ በየወሰኑ ብቅ ይላል፣ ጋቢ የደረበ ገበሬም የዓመቱን እዳና የዓመቱን ተስፋ በአንድ ልብ ይዞ ሰማዩን ያያል። ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል በመሆኑ፣ የዚያን ዕለት የሚወርደው ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራልና ልጆች ከቤት ወጥተው ይታጠቡበታል። በካሊፎርኒያ ደረቅ ሜዳ ላይ የተቀረጸው የፊልሙ ምድር አቧራ እንጂ ጠብታ ባይታይበትም፣ በዚያው ቀን የሚፈጸመው ነገር የመታጠብ ነገር ነው፤ ሞት የተጻፈበት ድንጋይ ይነጻል፣ አንድ ወጣትም ከቆየ ድካሙ ይነጻል። ደራሲዎቹ የጳጉሜንን ትርጉም አስበው ቀኑን መረጡ ማለት አይቻልም፤ ፊልሙን በጳጉሜን ዓይን የሚያየው ተመልካች ግን ሌላው ዓለም የማያገኘውን ትርጉም ያገኛል።

ሳይንቲስቱ ባለ እጅ

ዶክተር ብራውን በ1885 የሚተዳደረው በቀጥቃጭነት ነው። ይህ ምርጫ እንዲያው ለማሳቅ ብቻ የገባ አይደለም፤ ጊዜን የሰነጠቀ ማሽን የሠራ ሰው ከዘመኑ ሲወጣ የሚቀሩት እጆቹና እሳቱ ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። ከሽፍታው ጋር ያጣላው የ80 ዶላር ክርክርም የመነጨው ከዚሁ ሙያ ነው፤ ዶክተሩ ጫማ ያደረገለት ፈረስ ጫማውን በመጣሉ ሽፍታው ከፈረሱ ወድቋል፣ የያዘው የመጠጥ ጠርሙስ ተሰብሯል፣ በንዴትም ፈረሱን ራሱ ገድሎ ዋጋውን ከባለ እጁ ይጠይቃል።

በፊልሙ ውስጥ ቀረብ ብሎ መታየት የሚገባው አንድ ትዕይንት በዚሁ የብረት መቀጥቀጫ ቤት ውስጥ አለ። ማርቲ ወደ ቤቱ ሲገባ የቤቱን ግማሽ የያዘ ግዙፍ ማሽን ይጠብቀዋል፤ እንፋሎቱ ይጮኻል፣ መዘውሩ ይሽከረከራል፣ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ሲጨርስ በትንሽ መውጫው በኩል አንዲት የቆሸሸች የበረዶ ቁራጭ ትወድቃለች። ዶክተሩም በረዶዋን በመቆንጠጫ አንሥቶ ሻዩን ያቀዘቅዝባታል። በዚህች አፍታ ተመልካቹ ይስቃል፤ ነገር ግን በሳቁ ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። ዕውቀት ያለ መሣሪያ፣ መሣሪያም ያለ ዘመኑ የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በዚህች አንዲት በረዶ ተመዝኗል።

ይህ ትዕይንት በወገራና በስሜን ታሪክ ሚዛን ሲቀመጥ ክብደቱ ይጨምራል። በዚህ አካባቢ ለዘመናት ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላም ሲሠሩ ከኖሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል፤ ወናፍ እየነፋ ብረት የሚያግል ባለ እጅ ገበሬው ያለ እርሱ ማረስ የማይችል ሆኖ ሳለ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ከፊልሙ 1877 ልክ አንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. የብዙዎቹ ወደ እስራኤል ጉዞ ተጀምሮ በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ አገሩን ለቅቀዋል። ከዚህ አካባቢ የሚነሣ ተመልካች እጅግ የተማረው የፊልሙ ሰው በወናፍ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ፣ በከተማው ሰዎች ዘንድ እንደ ተራ የእጅ ሠራተኛ ሲታይ ሲያይ፣ ንቀቱ የማን ስሕተት እንደነበር ለመገንዘብ አይቸገርም። ፊልሙ ጥበብን ከእጅ ሥራ አይለይም፤ ይህም ከታላላቅ በጎ ነገሮቹ አንዱ ነው።

«ፈሪ» የሚለው ቃል

የሦስተኛው ክፍል እውነተኛ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ማርቲ በሁለተኛው ክፍል የታየ አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ሰው «ፈሪ» ካለው አእምሮውን ይስታል። ይህ ድካም በመጪው ሕይወቱ እጁን የሚጎዳበት፣ የሙዚቃ ተስፋውን የሚያጨልምበት የመኪና አደጋ ምክንያት እንደሚሆን ተመልካቹ ያውቃል፣ ማርቲ ግን አያውቅም። በ1885 ሽፍታው ታነን በአደባባይ ሲያዋርደው ወደ ጳጉሜን 3 የተኩስ ቀጠሮ የሚያስገባውም ይኸው ድካም ነው።

በዚህ ሰዓት የሚመክረው ሰው የገዛ ቅድመ አያቱ አባት ሼመስ ማክፍላይ ነው። ሼመስ ከአየርላንድ የመጣ ድሃ ገበሬ ሲሆን፣ እርሱንም ራሱ ማይክል ጄ. ፎክስ ይጫወተዋል፤ በአንድ ክፈፍ ውስጥ አንድ ፊት ያላቸው ሁለት ትውልዶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሼመስ ስለ ወንድሙ ያወራል፤ ወንድሙ ሰው በነካካው ቁጥር ለጠብ የሚነሣ ነበረና በመጨረሻ በመጠጥ ቤት ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ሞቷል። ምክሩ በቁጣ የተነገረ ስብከት ሳይሆን የሐዘን ቃል ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ይመነጫል።

በጎንደርና በስሜን ገጠር ይህን ንግግር ለማስረዳት ተርጓሚ አያስፈልግም። ስድብ ጠብን፣ ጠብ ግድያን፣ ግድያ ደም መመለስን የሚወልድበት ሰንሰለት እዚህ የታወቀ ነው። ደም መመለስ ማለት የሟች ወገን ገዳዩን ወይም ከገዳዩ ዘመድ አንዱን በመግደል ብድሩን የሚከፍልበት ልማድ ሲሆን፣ ደመኛ የሆኑ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ገበያ መዋል፣ በአንድ መንገድ መሄድ ይሳናቸዋል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ሽምግልና ነው። ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ የሃይማኖት አባቶች ባሉበት ያስምላሉ፣ ያስታርቃሉ። የተበደለው ወገን እርቁን የተቀበለ ዕለት «ፈሪ» የሚለው ሰው አይታጣም፤ እርቁን መቀበል ከመተኮስ የበለጠ ወኔ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው።

ማርቲ በቀጠሮው ሰዓት የሚደርስበት ውሳኔ ከዚህ ወኔ ጋር አንድ ነው። ስለ እርሱ የሚወራው ምንም ይሁን ምን እንደማይታኮስ ይወስናል፤ ሆኖም ሽፍታው ዶክተሩን ይዞ ስለሚያስገድደው ወደ አደባባይ ይወጣል፣ መሣሪያውን ይጥላል፣ ከልብሱ ሥር በደበቀው የምድጃ መዝጊያ ብረት ጥይቱን አስቀርቶ በጡጫ ይረታዋል። የብረቱ ዘዴ ከጣሊያናዊው ዳይሬክተር ከሰርጂዮ ሊዮኔ የካውቦይ ፊልም የተወሰደ ነው፤ ማርቲም በዚያ ዘመን ራሱን ያስተዋወቀው የዚያው ፊልም መሪ ተዋናይ በሆነው በክሊንት ኢስትውድ ስም ነው። በዚህ መንገድ ዜሜኪስ የካውቦይ ፊልምን ልብስ ሁሉ አልብሶ፣ ጀግናው የማይተኩስበት የካውቦይ ፊልም ሠራ።

የፈተናው እውነተኛ መልስ የሚሰጠው ግን ወደ 1985 ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ እኩያው በመኪና እሽቅድምድም ሲፈታተነው፣ ማርቲ መኪናውን ወደ ኋላ ያስነሣታል። ማንም አያጨበጭብለትም፤ ተፈታታኙ ወደፊት ሲከንፍ፣ ከመታጠፊያው የወጣች ሌላ መኪና ለጥቂት ትተርፋለች፣ ማርቲም ሕይወቱን ሊያበላሽ የነበረው አደጋ ያ እንደነበር ይረዳል። በሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ከታዩት ጉዞዎች ሁሉ ትልቁ ይህ በኋላ ማርሽ የተሄደው ጥቂት ሜትር ነው።

ደረስጌና ያልተጻፈው ነገ

ሦስተኛው ክፍል የሚያስተምረው ሌላው ነገር ነገ በማንም እጅ አስቀድሞ ያልተጻፈ መሆኑን ነው። በፊልሙ ውስጥ አስተማሪዋ ክላራ ክሌይተን (ሜሪ ስቲንበርገን) በፈረስ ጋሪ ገደል ገብታ መሞት የነበረባት፣ ገደሉም በስሟ የተሰየመ ሴት ናት፤ ዶክተር ብራውን ሳያስበው ሲያድናት ገደሉ ስሙን ያጣል፣ በመጨረሻም «ኢስትውድ» የተባለው እንግዳ የጠፋበት ተደርጎ በእርሱ ስም ይጠራል። ገደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ታሪኩ ነው።

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ በስሜን ውስጥ ያለችው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ በእውነተኛ ታሪክ ትመሰክራለች። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊነግሡባት አስበው ነበር፤ በግንባታው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር ተሳትፏል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል ነሥቶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ደፍቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ውቤ ለራሳቸው ነገ የሠሩት አዳራሽ የሌላ ሰው ነገ ሆነ። ማርቲ ሂል ቫሊ ከመድረሱ ሠላሳ ዓመት ብቻ ቀድሞ በስሜን የተፈጸመው ይህ ነገር፣ በፎቶግራፉ ላይ ስም ሲጠፋና ሌላ ስም ሊተካ ሲቃረብ የሚሰማውን ስሜት ለአካባቢው አንባቢ በሚገባ ያስረዳል።

ድልድዩና የማሽኑ መጨረሻ

መኪናዋ ነዳጇ ስላለቀና በ1885 ቤንዚን ስለማይገኝ፣ ወደሚፈለገው ፍጥነት ልትደርስ የምትችለው ባቡር ከኋላ ሲገፋት ብቻ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ወደ ገደሉ ያመራል፤ በገደሉ ላይ ያለው ድልድይ ደግሞ ገና አልተጠናቀቀም። ዶክተር ብራውን የሚሰጠው ማብራሪያ ቀላልና ውብ ነው፤ ድልድዩ በ1985 ተሠርቶ አልቋልና፣ መኪናዋ ከጫፉ ሳትደርስ ዘመኑን ከተሻገረች መንኮራኩሯ የሚያርፈው ባለቀው ድልድይ ላይ ይሆናል። ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ቀጥሎ ጊዜን እንደ አራተኛ ልክ ማሰብ ማለት ይህ ነው። በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እያመነ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር የዚህን ትዕይንት ፍርሃት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በዚያ የመጨረሻ ሩጫ ላይ ዶክተሩ ከመኪናዋና ከክላራ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ክላራን ይመርጣል። ማርቲ ብቻውን ይመለሳል፣ ዴሎሪያንም በ1985 ሐዲድ ላይ በሚመጣ ባቡር ተጨፍልቃ ብረታ ብረት ትሆናለች። የአለን ሲልቬስትሪ ሙዚቃ በዚህ ቅጽበት ዝግ ይላል። ሦስት ፊልም ሙሉ ተመልካቹ የወደዳት ማሽን ስትሰባበር ማርቲ የሚያዝነው ለመኪናዋ ሳይሆን ከእንግዲህ ላያየው እንደሚችል ለሚያስበው ወዳጁ መሆኑ፣ ድርሰቱ ምን ለማለት እንደተነሣ በመጨረሻ ይገልጠዋል። ዶክተሩ ከክላራና ከሁለት ልጆቹ ጋር በራሱ በሠራው ባቡር ተመልሶ ሲመጣ የሚናገረው ቁም ነገርም የማንም ነገ ገና እንዳልተጻፈና እያንዳንዱ የራሱን መልካም አድርጎ ሊሠራው እንደሚገባ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በብልኃቱ፣ ሁለተኛው በውስብስብነቱ ቢወደሱ ተገቢ ነው። ሦስተኛው ግን በሰውነቱ ይበልጣቸዋል፤ የእጅ ሥራን አክብሯል፣ እርቅን ከጀብዱ አስቀድሟል፣ ሰውን ከማሽን አስበልጧል። ሁለቱን ክፍሎች አይቶ ሦስተኛውን የተወ የስሜን፣ የወገራ ወይም የሌላ አገር አንባቢ ቢኖር፣ በሚመጣው ጳጉሜን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ከልጆቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ይየው። የፊልሙ ርዝመት 118 ደቂቃ ነው።